125 ወይስ 175? ሁለቱን የያማሃ ሞተር ቢስክሌቶች ስለማመዛዘን



የዛሬው ጽሑፍ ስለ ሁለት አሮጌ ሞተር ቢስክሌቶች ነው። ሁለቱም ያማሃ የተባለው የጃፓን ፋብሪካ የሠራቸው ናቸው። ሁለቱም ዲቲ ይባላሉ። አንደኛው ዲቲ 125፣ ሁለተኛው ዲቲ 175 ነው። ስማቸውን ባታውቁ እንኳ በዓይናችሁ ሳታውቋቸው አትቀሩም። የፊት ጭቃ መከላከያው ከጎማው በላይ ከፍ ብሎ የተሰቀለ፣ ጎማው ጥርስ ያለው፣ ሲነሣ ከኋላው ሰማያዊ ጭስ የሚተፋ ሞተር ነው። በአስፋልትም፣ በፒስታም፣ በእግር መንገድም እንዲሄድ ተብሎ የተሠራ ነው። በአገራችንም የግብርና ባለሙያዎችና የጤና ሠራተኞች መኪና በማይገባበት መንገድ ሲመላለሱበት ኖረዋል።

ነገሩን እንድጽፍ ያነሣሣኝ አጎቴ ነው። አጎቴ ከሦስት ጎረቤቶቹ ጋር ገንዘብ አዋጥቶ አሮጌ 175 ገዛ። ሲገዛ የጠየቀው ጥያቄ አንድ ብቻ ነበር፤ ‹‹ትልቁ የትኛው ነው?›› ሻጩም ትልቁን አሳየው። ገንዘብ ተቆጠረ፣ ቡና ተጠጣ፣ ተመረቀ። በአራተኛው ቀን አጎቴ ሚስቱን ከኋላ አስቀምጦ ከገበያ ሲመለስ፣ ቁልቁለት ላይ ሞተሩ በድንገት ቀጥ አለ። የኋላው ጎማ ተቆለፈ። ሁለቱም ወደቁ። የሱ እጅ ተሰበረ፤ እሷን ግን እግዜር አተረፋት። ሞተሩ ምን እንደነካው በኋላ እመለስበታለሁ። አስቀድሜ ግን አንድ ነገር ልናገር። አጎቴ ትልቁን መግዛቱ ስሕተት አልነበረም። ስሕተቱ ከትልቅነቱ ሌላ ምንም አለመጠየቁ ነው።

እንግዲህ ከቁጥሩ እንጀምር። 125 እና 175 ምን ማለት ነው? ብዙ ሰው የፍጥነት ልክ ይመስለዋል። አይደለም። የጉልበት ልክም አይደለም። ሞተሩ ውስጥ ሲሊንደር የሚባል የብረት ቱቦ አለ። በዚህ ቱቦ ውስጥ ፒስተን የሚባል ድፍን ብረት፣ ልክ ሙቀጫ ውስጥ እንዳለ ዘነዘና፣ ወደ ላይና ወደ ታች ይመላለሳል። ፒስተኑ ከታች እስከ ላይ ሲሄድ የሚጠርገው ቦታ በሲሲ ይለካል። 1000 ሲሲ አንድ ሊትር ነው። የትንሹ ዲቲ ትክክለኛ ልክ 123 ሲሲ ነው፤ የአንድ ሊትር ስምንተኛ ገደማ ማለት ነው። የትልቁ 171 ሲሲ ነው፤ የሊትር ስድስተኛ ገደማ።

ሒሳብ የምትማሩ አሁን እርሳስ አንሡ። የሁለቱም ፒስተን የሚጓዘው ርቀት እኩል ነው፤ 50 ሚሊሜትር። ልዩነቱ የሲሊንደሩ ወርድ ላይ ነው። የትንሹ ወርድ 56፣ የትልቁ 66 ሚሊሜትር ነው። የአንድ ሳንቲሜትር ልዩነት! ታዲያ ይኼ ምን ያመጣል ትሉ ይሆናል። ቁመታቸው እኩል የሆነ ሁለት ጎተራዎችን አስቡ። የአንዱ ወርድ ጥቂት ሲጨምር የሚይዘው እህል ግን በብዙ ይጨምራል፤ የሚሰፋው በሁሉም አቅጣጫ ነውና። 56ን በ56፣ 66ን በ66 አባዙ። 3136 እና 4356 ታገኛላችሁ። ትልቁ ከትንሹ 39 ከመቶ ያህል ይበልጣል ማለት ነው። ያቺ አንድ ሳንቲሜትር የዋዛ አይደለችም።

ሁለቱም ሞተሮች ባለ ሁለት ምት ናቸው። ፒስተኑ አንድ ጊዜ ሲወጣ ወይም አንድ ጊዜ ሲወርድ አንድ ምት ይባላል። በባለ አራት ምት ሞተር ቤንዚኑ የሚቃጠለው በአራት ምት አንድ ጊዜ ነው። በባለ ሁለት ምት ሞተር ግን ፒስተኑ አንድ ጊዜ ወጥቶ በወረደ ቁጥር ይቃጠላል። በዚህ ምክንያት ሞተሩ ትንሽና ቀላል ሆኖ ሳለ ጉልበቱ ከቁመናው በላይ ነው። ከላይ የሚከፈትና የሚዘጋ ባልቦላ የለውም። መንቀሳቀስ ያለበት ክፍል ጥቂት ስለሆነ የገጠር መካኒክ ከዛፍ ሥር ሊፈታው ይችላል።

ባልቦላ ከሌለው በምን ይተነፍሳል? የአንጥረኛን ወናፍ አስታውሱ። ወናፉ ሲነሣ አየር ይስባል፤ ሲጫኑት ይተነፍሳል። በዲቲ ሞተር ወናፉ ከፒስተኑ በታች ያለው የሞተሩ ሆድ ነው። ፒስተኑ ሲወጣ ሆዱ ይሰፋና በአየር የተቀላቀለ ቤንዚን ከካርቡራቶር ይስባል። ፒስተኑ ሲወርድ ሆዱ ይጠብና ቅልቅሉን በሲሊንደሩ ጎን ባሉት ቀዳዳዎች ወደ ላይ ይገፋዋል። የወናፍን አፍ የሚዘጋውና የሚከፍተው የአንጥረኛው እጅ ነው። እዚህ ግን ያማሃ እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ መጀመሪያ አንሥቶ መግቢያው ላይ ቀጫጭን የብረት ምላሶች አድርጎለታል። ምላሶቹ ወደ ውስጥ ያስገባሉ እንጂ ወደ ውጭ አይመልሱም። ሞተሩ በዝቅተኛ ዙር ጭምር ደህና እንዲጎትት ያደረጉት እነሱ ናቸው።

ይህን ያስረዳሁት ያለ ምክንያት አይደለም። ቤንዚኑ በሞተሩ ሆድ ውስጥ ካለፈ፣ እዚያ ውስጥ እንደ ሌላው ሞተር ዘይት ተጠራቅሞ ሊቀመጥ አይችልም ማለት ነው። ስለዚህ ዘይቱ ከቤንዚኑ ጋር አብሮ መግባት፣ አልስልሶም አብሮ መቃጠል አለበት። ያ ሰማያዊ ጭስ የተቃጠለው ዘይት ነው። ዘይት ከቀረ ብረት ከብረት ይፋጫል። ይህን ነጥብ ያዙት፤ የአጎቴ ነገር እዚህ ላይ ነው ያለው።

ስለ ታሪካቸው በአጭሩ እናውራ። ያማሃ ዱሮ ኦርጋን ሠሪ የነበረ ቤት ነው፤ ዛሬም በዚሁ ስም የሙዚቃ መሣሪያ ይሠራል። ሞተር ቢስክሌት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1955 ነው። እ.ኤ.አ. በ1968 (በኛ 1960 ዓ.ም. ገደማ) ዲቲ 1 የተባለውን ባለ 250 ሲሲ ሞተር በተለይ ለአሜሪካ ገበያ ሠርቶ አወጣ። መብራት ኖሮት በሕግ መንገድ ላይ የሚሄድ፣ ቀላል ሆኖ ጫካም የሚገባ በመሆኑ ሰው ተሻማበት። ታናናሾቹ 125 እና 175 ወዲያው ተከተሉ። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጨረሻ ደግሞ ከኋላ ሁለት የነበረው አሞርዛተር ቀርቶ ከመቀመጫው ሥር አንድ ረጅም አሞርዛተር ገባላቸው። እ.ኤ.አ. ከ1978 ጀምሮ አሜሪካ በጭስ ላይ ሕግ አወጣች፤ ዘይት የሚያቃጥል ሞተር ከሕጉ ጋር አብሮ መኖር ስላልቻለ 175 እዚያ እ.ኤ.አ. ከ1981 ወዲያ አልቀጠለም። በአውስትራሊያ ግን እ.ኤ.አ. እስከ 2000ዎቹ ድረስ ሲሸጥ ቆይቷል። በእንግሊዝ አገር ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ1983 ወዲህ ለማጅ ከ125 ሲሲ በላይ እንዳይነዳ ስለተከለከለ ወጣቱ ሁሉ ወደ ትንሹ ዞረ። እንግዲህ አስተውሉ፤ እዚያ ትንሹ የተመረጠው በሕግ ምክንያት እንጂ በመንገዱ ወይም በሸክሙ ምክንያት አልነበረም። የኛ ምክንያት ሌላ ነው።

የኛ ምክንያት ተራራው ነው።

ፋብሪካው ጉልበታቸውን ሲለካ፣ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጨረሻ የተሠራው 175 ወደ 16 የፈረስ ጉልበት፣ 125ቱ ደግሞ ከ12 እስከ 13 ገደማ ይሰጣል። እንደ ዓመቱና እንደተላከበት አገር ጥቂት ይለያያል። ይህ ልኬት ግን በባሕር ጠለል አካባቢ ላለ አየር ነው። ወደ ላይ ስንወጣ አየሩ ይሳሳል። ሞተርም እንደ ሰው አየር ሲያንሰው ይደክማል። ከባሕር ጠለል 1000 ሜትር ከፍ ባልን ቁጥር ከጉልበቱ 10 ከመቶ ያህል ይጠፋል። ደብረ ብርሃን 2800 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ናት። ደሴ 2500 ገደማ ናት። በ2500 ሜትር ላይ ሞተሩ ከጉልበቱ ሩቡን ያጣል ማለት ነው።

አሁን አስሉት። ከ16 ሩብ ሲቀነስ 12 ይቀራል። ስለዚህ ደጋ ላይ ያለው 175፣ ባሕር ዳርቻ ላይ ካለው 125 ጋር እኩል ሆነ! ከባሕር ዳርቻ ስል ባሕር ዳር ከተማን ማለቴ አይደለም፤ እሷም ወደ 1800 ሜትር ትጠጋለች። ደጋ ላይ ያለው 125 ደግሞ ከ9 ብዙም የማይበልጥ ይቀረዋል። በ9 የፈረስ ጉልበት አንድ ሰው ያለ ሸክም ይሄዳል፤ በደንብም ይሄዳል። ሁለት ሰውና አንድ ኩንታል ማዳበሪያ አቀበት ላይ ግን ሌላ ነገር ነው። (ኩንታሉን ለምሳሌ አልኩ እንጂ ከሁለት ሰው ጋር ኩንታል መጫን ለየትኛውም አይገባም። ሲጫን ግን አይቻለሁ።)

የሁለቱ ክብደት ደግሞ ተቀራራቢ ነው። ሁለቱም 100 ኪሎ ገደማ ናቸው። የፊት ጎማቸው፣ ቁመታቸው፣ አሠራራቸው ሁሉ እንደ መንታ ነው። ስለዚህ 175 የገዛ ሰው ተጨማሪውን ጉልበት የሚያገኘው የሚገፋው ክብደት ሳይጨምርበት ነው። ጭቃ ውስጥ ሲወድቅባችሁ የሚነሣው በዚያው ድካም ነው። በዚህ በኩል ትልቁ ያሸንፋል።

በቤንዚን በኩል ግን ትንሹ ያሸንፋል ይባላል። ይኼ እውነት የሚሆነው ለብቻ፣ በለሰለሰ መንገድ፣ በዝግታ ሲሄዱ ነው። ትንሹ ጉልበቱን የሚያወጣው ዙሩ ከፍ ሲል ነው። አቀበት ላይ ሸክም ከያዘ ነጂው ማርሽ ይቀንሳል፣ ነዳጅ መስጫውን እስከ መጨረሻው ይጠመዝዛል፣ ሞተሩ ሲጮህ ይውላል። በዚህ ጊዜ ቤንዚኑ ከትልቁ ያላነሰ ይሄዳል። ከዚያ የባሰው ደግሞ ማለቁ ነው። ፒስተኑ፣ ፒስተኑን የከበቡት ቀለበቶችና ፍሪሲዮኑ ቶሎ ያልቃሉ። ትልቁ ያንኑ አቀበት በአንድ ማርሽ ከፍ ብሎ፣ ሳይጮህ ይወጣዋል። ወንድሜ ይህን ሲያስረዳ ‹‹በሬና ወይፈን አንድ እርሻ ሲያርሱ›› ይላል። ወይፈኑም ያርሳል፤ ግን በሚቀጥለው ዓመት እዩት።

ይሁን እንጂ ትንሹን ለያዛችሁ አንድ ርካሽ ዘዴ አለ። ከፊት ያለው ካቴናውን የሚያዞረው ባለ ጥርስ ብረት አንድ ጥርስ በሚያንስ ይለወጥ። አቀበት ላይ ጉልበቱ ሲጨምር ይታወቃችኋል። በሜዳ ላይ ፍጥነቱ ጥቂት ይቀንሳል። ለኛ መንገድ ፍጥነቱ ቢቀር ምን ገደደ!

ስለ ከፍታ ካነሣን ካርቡራቶሩን መዝለል አይቻልም። ካርቡራቶር አየርና ቤንዚን የሚቀላቀሉበት ክፍል ነው። ቤንዚኑ የሚያልፈው በአንዲት ትንሽ የነሐስ ብሎን ቀዳዳ ነው። ደጋ ላይ አየሩ ሲሳሳ የቀዳዳዋ ልክ ግን ያው ነው። ስለዚህ ቤንዚኑ ይበዛል። ወጡ ቀጥኖ በርበሬው እንደ በዛ ማለት ነው። ሞተሩ ያስላል፣ ካንዴላው ጥላሸት ይለብሳል፣ ነዳጅ ይባክናል። መፍትሔው ጠበብ ያለ ቀዳዳ ባላት ብሎን መለወጥ ነው።

አደጋው ያለው በተቃራኒው ነው። ለደጋ የተስተካከለ ሞተር ወደ ቆላ ሲወርድ፣ ለምሳሌ ከጎንደር ወደ መተማ ወይም ከወልቃይት ደጋ ወደ ሑመራ፣ አየሩ ይወፍራል፤ ቀዳዳዋ ግን ጠባብ ናት። ቤንዚን ያንሳል። ከቤንዚኑ ጋር የሚመጣው ዘይትም ሊያንስ ይችላል። ሞተሩ ሲጀምር እንዲያውም የፈጠነ ይመስላል፤ ነጂውም ይደሰታል። ከዚያ ይግላል፣ ፒስተኑ ይነድዳል፣ አንዳንዴም ይበሳል። ሞተሩ ምን እንደሚሰማው ለማወቅ ካንዴላውን ፈትታችሁ እዩ። ጫፉ የገብስ ቆሎ ቀለም ካለው ደህና ነው። ጥቁርና እርጥብ ከሆነ ቤንዚን በዝቷል። እንደ አመድ ነጭ ከሆነ ግን ቁሙ፤ ጉዞውን አትቀጥሉ።

አሁን ወደ አጎቴ ልመለስ።

ዲቲዎች ከፋብሪካ ሲወጡ ዘይትና ቤንዚን ለየብቻ ነው የሚሞላላቸው። የዘይቱ ማጠራቀሚያ ለብቻው አለ። አንዲት ትንሽ ፓምፕ ከነዳጅ መስጫው ጋር በሽቦ ተያይዛ፣ ነጂው ነዳጅ በሰጠ መጠን ዘይት ትጨምራለች፤ በቀነሰ መጠን ትቀንሳለች። ያማሃ ይህን ዘዴ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1964 ነው። ጥሩ ዘዴ ነው። ነገር ግን ሞተሩ ሲያረጅ ፓምፗ ትበላሻለች ብሎ የሚፈራ ባለቤት ነቅሎ ይጥላትና ዘይቱን በእጁ ከቤንዚን ጋር መቀላቀል ይጀምራል። ይህም ቢሆን ደህና ይሠራል፤ የሚነዳው ሰው ካወቀ።

የአጎቴ ሞተር ፓምፕ አልነበራትም። የዘይቱ ማጠራቀሚያ ግን ከነዘይቱ በቦታው ነበር! አጎቴ ክዳኑን ከፈተ፣ ዘይት አየ፣ ዘጋው። ከዚያ ንጹሕ ቤንዚን ሞላ። ሦስት ቀን ሄደለት፤ ውስጡ በነበረው ቅልቅል ነው የሄደው። በአራተኛው ቀን አለቀ። ሻጩ ስለ ፓምፗ አልነገረውም። አጎቴም አልጠየቀም።

ታዲያ ለምን ቁልቁለት ላይ ሆነ? በአጋጣሚ አይደለም። ነጂው ቁልቁለት ላይ ነዳጅ መስጫውን ይዘጋል። ሞተሩ ግን በጎማው እየተገፋ በከፍተኛ ዙር ይሽከረከራል። ዘይት የሚመጣው ከቤንዚን ጋር ነው ብለናል። ቤንዚኑ ሲዘጋ ዘይቱም ይዘጋል። ፓምፕ ያለው ሞተር በዚህ ጊዜም ጥቂት ዘይት ያገኛል፤ በእጅ የሚቀላቀልለት ግን ከምንም አይቆጠርም። ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ ድልድይ ያለውን ቁልቁለት አስቡት፤ ከ1000 ሜትር በላይ ነው የሚወረደው። ስለዚህ ረጅም ቁልቁለት ስትወርዱ በየጥቂቱ ፍሪሲዮኑን ያዙና አንድ ሁለት ጊዜ ነዳጅ ስጡት። ሞተሩ ጉሮሮውን እንዲያርስ ነው።

ሌላም ነገር አለ። ባለ ሁለት ምት ሞተር እንደ ባለ አራት ምቱ ቁልቁለት ላይ በማርሽ ብዙም አይዝም። ሸክሙ ሁሉ ፍሬኑ ላይ ይወድቃል። የነዚህ አሮጌ ዲቲዎች ፍሬን ደግሞ የፊቱም የኋላውም በድፍን ከበሮ ውስጥ የተዘጋ ነው። ሲግል መያዝ ይሰንፋል። የተቃጠለ ሽታ ከሸተታችሁ ቁሙና ይቀዝቅዝ። በዚህ ረገድ 125 እና 175 ምንም ልዩነት የላቸውም፤ ትልቁ ብዙ ስለሚጭን ግን የበለጠ ጥንቃቄ ይፈልጋል።

ሞተር ሲደርቅ ጎማውን የሚቆልፈው ማርሽ ውስጥ ስለሆነ ነው። ፍሪሲዮኑ ከተያዘ ጎማው ከሞተሩ ይለያል፤ በነፃ ይዞራል፤ ነጂውም ተንደርድሮ መቆም ይችላል። ስለዚህ ቁልቁለት ላይ የግራ እጃችሁ ሁለት ጣቶች ፍሪሲዮኑ ላይ ይሁኑ። ድምፁ ሲለወጥ፣ ጉልበት ሲያጥረው፣ ወዲያውኑ ጨብጡ። አጎቴ ይህን ቢያውቅ ኖሮ ሞተሩ ቢበላሽም እጁ አይሰበርም ነበር። ከዚያ በኋላ ሞተሩን በእግር ማስነሻው ለማላቀቅ አትታገሉ። ይቀዝቅዝ።

አሮጌ ዲቲ ልትገዙ የምትሄዱ እንግዲህ፣ ትልቁም ሆነ ትንሹ፣ እነዚህን አረጋግጡ። አንደኛ፣ ‹‹ፓምፗ አለች ወይ?›› ብላችሁ ጠይቁ፤ በቃሉ አትመኑ፣ የሞተሩ የቀኝ ጎን ክዳን ተከፍቶ በዓይናችሁ እዩ። ፓምፕ ከሌለ ለአንድ ሊትር ቤንዚን 40 ሚሊሊትር የባለ ሁለት ምት ዘይት አዋሕዱ፤ ለአምስት ሊትር 200 ይሆናል። አዲስ ባለ 20 ሚሊ ስሪንጅ ሁለት ጊዜ ሞልቶ መጨመር ቀላሉ መለኪያ ነው። የመኪና ሞተር ዘይት አታድርጉ፤ ጥላሸቱ ቀዳዳዎቹን ይደፍናል። የማርሽ ዘይቱ ደግሞ ሌላ ነው፤ ለብቻው ነው የሚሞላው።

ሁለተኛ፣ የእግር ማስነሻውን በእጃችሁ ቀስ ብላችሁ ተጫኑት። ደህና ሞተር ይገፋችኋል። ያለ ምንም ትግል ከወረደ ቀለበቶቹ አልቀዋል። ሲነሣ ጥቂት ማጨሱ ደንብ ነው። ከሞቀ በኋላም ወፍራም ነጭ ጭስ ካላቋረጠና የማርሽ ዘይቱ ሳይፈስ የሚጎድል ከሆነ ግን፣ በማርሹና በሞተሩ ሆድ መካከል ያለው የላስቲክ መዝጊያ ተበልቷል፤ ሞተሩ የማርሹን ዘይት እየጠጣ ነው።

የአየር ማጣሪያውን ሳታዩ አትውጡ። ስፖንጅ ነው። በዘይት ትንሽ መራስ አለበት፤ አቧራውን የሚይዘው ዘይቱ ነውና። ደረቅ ሆኖ ወይም ጨርሶ ጠፍቶ ብታገኙት የገጠር አቧራ ሲሊንደሩን እንደ ሞረድ ሲበላው ኖሯል ማለት ነው። ማርሚታው ውስጥ ጥላሸት ከተጋገረም ሞተሩ ይታፈናል፤ ይህ ግን ተፍቆ ይጸዳል፣ ከመግዛት አያስቀርም።

እንግዲህ የትኛው ይሻላል? እኔ የምለው ይህን ነው። ሥራችሁ አንድ ሰው ደብዳቤ፣ መድኃኒት ወይም ክትባት ይዞ የሚዞርበት ከሆነ፣ መንገዱም ሜዳ ወይም ቆላ ከሆነ፣ 125 ይበቃል፤ በቤንዚንም ይጠቅማችኋል። ደጋ ከሆናችሁ፣ በሽተኛ ወይም ነፍሰ ጡር ወደ ጤና ጣቢያ የምታደርሱበት ከሆነ፣ ሁለት ሰው ዘወትር የሚቀመጥበት ከሆነ፣ 175 ፈልጉ። ነገር ግን በደንብ የተያዘ 125 እና ቀለበቱ ያለቀ 175 ቀርበውላችሁ እንደሆነ ትንሹን ውሰዱ። ከመቶ 39 ብልጫ የሚሠራው ለደህና ሲሊንደር ነው።

መለዋወጫ ስትገዙም ‹‹የዲቲ ፒስተን ስጠኝ›› ብቻ አትበሉ። የ56 ነው የ66 ብላችሁ ተናገሩ። ሲሊንደሩ ከዚህ በፊት ተቦርቡሮ ከሆነ ደግሞ ከመጀመሪያው ልክ በ0.25 ወይም በ0.50 ሚሊሜትር የሰፋ ፒስተን ይፈልጋል፤ ልኩ በአሮጌው ፒስተን አናት ላይ ተቀርጾ ታገኙታላችሁ። የአጎቴ ሲሊንደር 66.50 ሆኗል። ሞተሯ ዛሬም ትሠራለች። በቤንዚን ማጠራቀሚያው ክዳን ላይ እኔ በነጭ ቀለም ‹‹ለሊትር 40›› ብዬ ጽፌለታለሁ። ከመቀመጫው ሥርም አንድ ስሪንጅ በላስቲክ ታስሮ ተቀምጧል። አራቱ ባለቤቶች ተራ በተራ ሲነዱ ማንም ሳያነብ አይሞላም። ሚስቱ ግን እስካሁን ቁልቁለቱ ጋ ስትደርስ ወርዳ በእግሯ ነው የምትሄደው።